«በሉ ተሳሳሙ» ከማለትሽ በፊት

ልጄ፣ የሰላም ክበቡን ኃላፊነት እንደሰጡሽና ልጆቹን ስለ ይቅርታ በምን መንገድ እንደምታስተምሪ ግራ እንደገባሽ ጽፈሽልኛል። ከሰው ሕይወት የተገኘ ታሪክ ልትነግሪያቸው ማሰብሽን ወድጄዋለሁ። ተማሪ «ቂም መያዝ መጥፎ ነው» የሚለውን ከሰሌዳ ገልብጦ ፈተና ላይ ይመልሰዋል፤ የእረፍት ደወል ሲደወል ግን ያው ጠቡ ሜዳ ላይ ይጠብቀዋል። ሰው በራሱ የደረሰበትን ሲነግረው ግን ቀና ብሎ ይሰማል። ይሁንና አነጋገሩን ካላወቁበት ያው ታሪክ የተበደለውን ልጅ ዳግመኛ ይበድለዋል። በመምህርነትም በሽምግልናም ያሳለፍኩት ዕድሜ ያስተማረኝን እነሆ።

1. ማንንም ልጅ ይቅር እንዲል አታስገድጂ።

ሁለት ልጆች ሲደባደቡ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይጠራሉ፤ ማን ጀመረ፣ ለምን ጀመረ ሳይባል ሁለቱም ይንበረከካሉ፤ ሁለቱም ዱላ ይቀምሳሉ፤ ከዚያ «በሉ ተሳሳሙ» ይባላሉ። አፍንጫው የደማው ልጅ ያደማውን ይስማል። ጉዳዩም አለቀ ተብሎ ሁሉም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ያ ልጅ የተማረው ጉልበተኛ እንደሚመታ፣ ደካማ እንደሚስም ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ የሚቀጥለው ድብድብ የሚነሳውም ከዚያው ቢሮ ነው።

ይቅርታ የተበደለው ሰው ሀብት ነው። መስጠትም ማቆየትም የእሱ ፈንታ ነው። የምትነግሪያቸው ታሪክ ሁሉ «እኔ ገና አልቻልኩም» ለሚል ልጅ ቦታ ይኑረው። ይህን ካልያዝሽ የቀረውን ምክሬን ባታነቢው እመርጣለሁ።

2. የራስሽን ታሪክ ንገሪያቸው፤ ግን ያለቀለትን።

ገና ሌሊት የሚቀሰቅስሽን በደል ክፍል ይዘሽ አትግቢ። ድምፅሽ ከተቆራረጠ ልጆቹ ትምህርቱን ትተው አንቺን ማባበል ይጀምራሉ፤ ያንን ሸክም ለ13 ዓመት ልጅ ማሸከም አይገባም። የበደለሽን ሰው ስም አትጥሪ፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ የእህቱ ልጅ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ታሪኩ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ አስፈቅጂ። መጀመሪያ የተናደድሽውን ንዴት፣ ልታደርጊ ያሰብሽውን ክፉ ነገር አትዝለዪው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግ የነበረች መምህርት ታሪክ ለሚበሳጭ ልጅ ምንም አይፈይድለትም።

3. ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ አትጨርሺው።

ይህን በምሳሌ ላሳይሽ። ቤተሰባችን የሚያውቀውን፣ ወንድሜም እንድነግርሽ የፈቀደልኝን ታሪክ ውሰጂ።

እኛ ወሎ ገጠር ስናድግ የመስኖ ውሃ በተራ ነበር። አንድ ሌሊት ተራው የታላቅ ወንድሜ ሆኖ ሳለ ጎረቤታችን ቦዩን ወደ ማሳው መለሰው። ወንድሜ ሊያስተካክል ሄደ። ሰውየው በሽመል ጉልበቱን መታው። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ከበሬ ኋላ መሄድ አልቻለም፤ ዛሬም ያነክሳል። በማግስቱ ምሽት አጎቶቼ እልፍኝ ተሰብስበው ዱላ ሲመርጡ አየሁ። ለእኔም አንድ ሰጡኝ። ገና ልጅ ነበርኩ፤ ዱላው ከቁመቴ ይበልጥ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ፍርሃት ሳይሆን ኩራት ነበር።

እዚህ ላይ አቁሚ። «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። «እንመታዋለን» ይሉሻል። አትቆጪ፣ አትምከሪ፤ ያሉትን ሰሌዳው ላይ ጻፊው። እውነቱን ሲናገር የተገሠጸ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚነግርሽ መስማት የምትፈልጊውን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀጥዪ። ገና ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ደጃችን ቆመው ነበር። አስታራቂው አበጋር ከፊት፣ ቄሱና ሼኹ አብረው። መጀመሪያ የጠየቁት ዕርቅ አልነበረም። ነገሩ በሽምግልና እስኪያልቅ ከሁለቱም ወገን ማንም እጁን እንዳያነሳ ቃል ተቀበሉ፤ ለቃሉም ዋስ አስጠሩ። ከዚያ ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ደንቡ አንድ ነበር፤ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ትንፍሽ አይልም። ወንድሜ ስለ ጉልበቱ ብዙ አላወራም። «ስሜን ጠርቶ ነው የመታኝ» አለ። ሰውየው ደግሞ ጨለማ እንደነበረና ሌባ እንደመሰለው ተናገረ።

እዚህም አቁሚ። «አሁን ይቅርታ ቢጠይቅ ይበቃል ወይ?» በያቸው። ዝም የሚሉት ሁሉ ይነሳሉ።

ሽማግሌዎቹ «ሌባ መሰለኝ» ያለውን ያንን አንድ ቃል ይዘው ቀሩ። ካሳውን አላነሱም፣ መሐላ አላስገቡም። ጨለማው ምን ያህል ነበር? ጨረቃ ነበረች ወይ? በስንት ክንድ ርቀት ቆማችሁ ነበር? እየተበተኑ፣ እየተመለሱ፣ ሌላ ቀን እየቀጠሩ ጠየቁት። በመጨረሻ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «አውቄዋለሁ» አለ። ወንድሜ ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ሲመታ ያላለቀሰው ሰው። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ቀላል ነበር። ካሳው ተቆረጠ፤ ማሳችንን እንዲያርስልን ተወሰነ፤ ሰውየው እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣ፤ ድንጋዩን ያወረደለት ራሱ ወንድሜ ነው።

እናቴ ግን አልመጣችም። ሽማግሌ ላኩባት፤ «እግሩ ሲድን እመጣለሁ» አለች። እግሩ አልዳነም። ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱም «ክርስቲያን አይደለሽም ወይ?» አላላትም፤ ተነስተው መርቀዋት ሄዱ። ብዙ ዓመት አልፎ የሰውየው ሚስት ስትሞት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ደረሰች። ሰውየውን አቅፋ አለቀሰች። ማንም አልላካትም።

ልጆች ከሁሉ ይበልጥ የሚከራከሩት በእናቴ ላይ ነው። ልክ ነች የሚል አለ፣ ጨካኝ ነች የሚል አለ። አንቺ አትፍረጂ። ክርክሩ ክፍለ ጊዜውን ቢጨርስብሽ ጨርሶታል በይና ተይው።

4. እውነት ሳይወጣ ዕርቅ አታውጂ።

እንዳላየ ሆኖ ማስታረቅ በእኛ ዘንድ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ሽማግሌ ዋሽቶ ያስታርቃል ሲባል ሰምተሻል። ለልጆች ግን ይህ አይሠራም፤ እነሱ የሆነውን በዓይናቸው አይተዋል።

ደቡብ አፍሪካውያን ከአፓርታይድ በኋላ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ የመረጡትን መንገድ አስተውዪ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ ምሕረት የሚጠይቀውን ሰው ተጸጸት አላለውም፤ የሠራውን አንዱንም ሳያስቀር በአደባባይ እንዲናገር፣ ድርጊቱም የፖለቲካ ዓላማ እንደነበረው እንዲያስረዳ ነው የጠየቀው። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በሊቀ መንበርነት በመሩት ኮሚሽን የተበደሉት ሰዎች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1996 ጀምሮ ቀርበው የደረሰባቸውን ሲናገሩ ሕዝቡ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሰማ። ይቅር ያሉ ነበሩ፤ አንልም ያሉም ነበሩ። በአፓርታይድ ፖሊሶች እጅ የሞተው የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ የሚፈልገው ፍርድ ቤት እንደሆነ ተናግሮ ምሕረት የሚሰጠውን ሕግ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮታል። ይህንንም ለልጆቹ ንገሪያቸው። የቱቱን ብቻ ነግረሽ የቢኮን ቤተሰብ ከደበቅሽ ታሪኩን ጎመድሽው።

5. በሌላው ሰው ደም ይቅር የሚለው ማን እንደሆነ ጠይቂያቸው።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችሽ ይህን ይችሉታል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በኢጣልያኖች ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዝዘዋል። ትልቅ ነገር ነው፤ ከብዙ ደም መፋሰስ አድኖናል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ኢጣልያኖች አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡን በጨፈጨፉበት በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ልጇን የቀበረች እናት ይህን ትእዛዝ ስትሰማ ምን ተሰምቷት ይሆን? ንጉሥ በቀልን ሊከለክል ይችላል። በእሷ ፈንታ ይቅር ሊል ይችላል ወይ? መልሱን ከአንቺ አይጠብቁ፤ ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን ይጠይቁ።

6. የዮሴፍን ታሪክ አትርሺ።

በአንድ ክፍል ውስጥ መስቀል ያሰረውም ሒጃብ የለበሰችውም በእኩል የሚያውቁት ታሪክ እሱ ነው። ግማሹ ከኦሪት ዘፍጥረት ሰምቶታል፤ ግማሹ ከሱረቱ ዩሱፍ። እያንዳንዱ የሚያውቀውን እየተቀባበለ ይተርክ፤ አንቺ አድምጪ።

አንድ ነገር ግን አስተውዪላቸው። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ሲወርዱ ዮሴፍ ወዲያው «እኔ ነኝ» አላለም። መረመራቸው፤ ደጋግሞ አመላለሳቸው፤ በመጨረሻም ትንሹን ወንድሙን የሚያስቀርበት ሰበብ ፈጠረ። አንድ ጊዜ ወንድማቸውን የሸጡት ሰዎች ሌላውንም ጥለው ይሄዱ እንደሆነ ሊያይ ነው። በዘፍጥረቱ ይሁዳ «በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ ሲቆም ዮሴፍ ማልቀሱን መደበቅ አቃተው። የበደለ ሰው መለወጡ የሚታየው ያው ፈተና ዳግም ሲመጣበት ነው። ደብተሩን የቀደደበት ልጅ ይቅርታ ሲጠይቀው ሳምንት ጠብቆ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ቢኖርሽ ቂመኛ አትበዪው።

7. ሁለቱም ወገን የሚናገርበት ታሪክ ፈልጊ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1995 በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ ታሪቅ ካሚሳ የሚባል የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለትርፍ ሥራው ፒዛ ሊያደርስ ሄዶ በጥይት ተገደለ። ተኳሹ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ «ተኩስ» ያለው ደግሞ ከእሱ የሚበልጥ የቡድኑ አለቃ። የሟቹ አባት አዚም ካሚሳ ኬንያ የተወለደ፣ ልክ እንደ እኛ ዘመድ ተሰብስቦ ሐዘን በሚቀመጥበት ባህል ያደገ ሰው ነው። ልጁን ቀብሮ ወራት ካለፉ በኋላ ገዳዩን ያሳደገውን አያቱን ፕሌስ ፊሊክስን አስፈልጎ አገኘው። የልጅ ልጁ በእስር፣ የሌላው ልጅ በመቃብር፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አብረው ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞሩ ልጆችን ማናገር ጀመሩ። አንዱ ልጁ እንዴት እንደተገደለበት ይናገራል፤ ሌላው ቤቱ ያደገ ልጅ እንዴት ገዳይ እንደሆነበት ይናገራል። ተኳሹ ልጅ ከ20 ዓመት በላይ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲፈታ አዚም ካሚሳ እንዲፈታ ከደገፉት አንዱ ነበር።

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የምወደው በፕሌስ ፊሊክስ ምክንያት ነው። ይቅር ያለ ሰው ሲናገር ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ የበዳይ ወገን ሆኖ ልጆች ፊት የሚቆም ግን ብርቅ ነው። ክፍልሽ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ደግሞ የሚበዙት አንድ ቀን የተበደሉ፣ ሌላ ቀን የበደሉ ናቸው። በከተማችሁ ደም ደርቆላቸው አብረው የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ካሉና ከሁለቱም ወገን ፈቃደኛ ሰው ከተገኘ ጋብዢያቸው። አንዱ ብቻ ከመጣ ግን ቢቀር ይሻላል።

8. ሽምግልና የማይገባባቸው ነገሮች አሉ።

ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል፤ እኔም ሽማግሌ ነኝና። ሴት ልጅ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ሽማግሌ ከአባቷ ጋር ተቀምጦ ከብት ቆጥሮ «ታርቀናል» ያለበት አገር ነው። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊው በኋላ ጋብቻ ቢፈጽምም ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ ደንግጓል፤ ሕጉ ከብዙ ሽማግሌ ቀድሞ እውነቱን አይቷል።

ስለ ይቅርታ ስታስተምሪ አንዲት ተማሪ ከክፍል በኋላ ቀርታ ቤት ውስጥ የሚደርስባትን ትነግርሽ ይሆናል። ታሪክሽ አፏን ከፍቶላታልና። ያን ጊዜ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። «የነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» በያት። ለማንም አልናገርም ብለሽ ቃል አትግቢላት፤ የማትጠብቂው ቃል ይሆናልና። በዚያው ቀን ለርእሰ መምህሩና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚይዘው ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ አሳውቂ። በዳዩ የርእሰ መምህሩ ዘመድ ከሆነ ቀጥታ ወደ ፖሊስ ሂጂ። ሽማግሌ ልላክ የሚልሽ ካለ፣ እኔም ብሆን፣ እምቢ በይ።

9. መጀመሪያ ማቆምን አስተምሪያቸው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ አካባቢ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ወጥተው ነበር። የጋሞ አባቶች ርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። በባህላቸው ያን ሣር ተሻግሮ የሚሄድ የለም፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሰዎቹ በዚያች ሰዓት ይቅርታ አልሰበኩም፤ ሐዘኑን አታልቅሱ አላሉም። እጅ እንዳይነሳ ብቻ ነው የጠየቁት። ልጆችሽም የራሳቸው ምልክት ይኑራቸው። ክበቡ ተሰብስቦ ራሱ ይምረጠው፤ ያ ምልክት በተነሳበት ቦታ ጠብ ይቆማል፣ ንግግሩ ለነገ ይቀጠራል። ለነገው ንግግር ከእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ተማሪ ይመረጥ፤ የዋርካው ደንብ ይጠበቅ። አንቺ ጥግ ላይ ተቀመጪ።

10. የጦርነቱን ታሪክ አንቺ አትክፈቺው።

ክፍልሽ ውስጥ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ አለ፤ ወንድሙ ዘምቶ ያልተመለሰበትም አለ። ምናልባት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሰሜኑን ጦርነት ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የልጆቹ ሐዘን ግን በፊርማ አልቆመም፤ ተኩስ የሚሰሙ ልጆችም ዛሬ አሉ። «እስቲ አንተ ተነስና የደረሰብህን ንገረን» አትበዪ። ማንም ልጅ የወገኑ ምስክር ሆኖ አይቁም። መናገር የፈለገ በወረቀት ጽፎ ለአንቺ ብቻ ይስጥሽ፤ ጮክ ብለሽ አታንብቢው፤ በግርጌው ሁለት መስመር ጽፈሽ መልሺለት። በብሔር የተሰየመ ስድብ ከተሰማ ግን ትምህርቱን አቁመሽ እዚያው ላይ ተናገሪ፤ ለነገ አታሳድሪው።

11. አንዳንድ ጥቃቅን።

ጠብ በተነሳበት ቀን ታሪክ አትንገሪ፤ በእነሱ ላይ የተነገረ ይመስላቸዋል። በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ አታድርጊው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ታሪኩ ሩቡን ይውሰድ፤ የቀረው የእነሱ ነው። ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው በቡድን ከፋፍያቸው፤ በ60 ሰው ፊት የሚናገሩት ሁልጊዜ የሚናገሩት ብቻ ናቸው።

12. ራስሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው።

መምህር ነሽና አንድ ቀን ያልረበሸውን ልጅ ከክፍል ታስወጪያለሽ። የረበሸው ሌላ ልጅ እንደሆነ በኋላ ታውቂያለሽ። ያን ቀን የሰላም ክበቡ ትምህርት ያንቺ ፊት ላይ ነው። ልጁን ቢሮ ጠርተሽ በጆሮው አትንገሪው፤ ያዋረድሽው በጓደኞቹ ፊት ነውና በእነሱው ፊት ቁሚ። ያደረግሽውን በስሙ ጥሪው፤ «አንተ ሳትሆን አስወጥቼሃለሁ፤ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።» «ግን» የሚል ቃል አትጨምሪበት፤ ክፍሉ ይንጫጫ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር አትበዪ። ያመለጠውን ትምህርት መቼ እንደምታስረጂው ቀጥረሽ ንገሪው፤ ካሳው እሱ ነው። ይቅር ብሎሽ እንደሆነም መልስ አትጠብቂ፤ ዝም ካለ ዝም ይበል። ጠመኔሽን አንሺና ወደ ትምህርቱ ግቢ።